ኪሳራ የሚያስተዳድሩ ሰዎች

ጆርጅ ካትካርት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበር። በ1895 ለንደን ውስጥ ሮበርት ኒውማን የሚባል የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣ ኩዊንስ ሆል በተባለው አዳራሽ በየምሽቱ ርካሽ ኮንሰርት ላቅርብ ብሎ ሲነሳ ገንዘብ አጠረው። ገንዘቡን ያወጣለት ይህ ሐኪም ነው። ዝም ብሎ ግን አልሰጠም፤ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ኦርኬስትራውን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለው ሄንሪ ዉድ ይምራው። ሁለተኛ፣ የመሣሪያዎቹ ቅኝት ዝቅ ይበል። የእንግሊዝ ኦርኬስትራዎች ያን ጊዜ የሚጫወቱት ከሌላው አውሮፓ ከፍ ባለ ቅኝት ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ ይህ ነገር የዘፋኝ ጉሮሮ ይጎዳል ባይ ነው። ነፊዎቹ አዲስ መሣሪያ ከኪሳችን አንገዛም አሉ። ሐኪሙ ከብራስልስ አስመጥቶ አዋሳቸው። አንድ የኮንሰርት ወቅት ካለፈ በኋላ፣ አዲሱ ቅኝት የማይቀር መሆኑን ሲያዩ፣ እነዚያው ነፊዎች መሣሪያዎቹን ከእሱ ላይ ገዙ።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ የኮንሰርት ወቅት ዛሬ «ፕሮምስ» ተብሎ በዓለም የታወቀው የለንደን ፌስቲቫል ነው። በየዓመቱ የሄንሪ ዉድ ሐውልት መድረኩ ላይ ይቆምና በመጨረሻው ምሽት የአበባ ጉንጉን ይደፋለታል። የኒውማንን ስም የሚያነሳ ግን እምብዛም የለም። እኔን የሳበኝ እሱ ነው። ቫዮሊን አልያዘም፣ በትር አላወዛወዘም። የሠራው ነገር በቁጥርና በቀን የተሞላ ደብተር ነው፤ በየትኛው ምሽት ምን ይቅረብ፣ መግቢያው ስንት ይሁን፣ ቆሞ የሚሰማ ስንት ይክፈል። ቆሞ ለሚሰማው አንድ ሽልንግ አደረገው። ሐሳቡ ሕዝቡን በሚወደው ዜማ ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ ከበድ ወዳለው ሙዚቃ መውሰድ ነበር። በ1902 በሌላ የቲያትር ንግድ ተጠምዶ ከሰረ። የኮንሰርቱን ወጪ ኤድጋር ስፓየር የተባለ ባለባንክ ተረከበው፤ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ኩባንያ ሊቀመንበር የነበረው ሰው ማለት ነው። የከሰረው ኒውማን በሥራ አስኪያጅነቱ ቀጠለ። ይህ በሌላ ንግድ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ሙያ በአማርኛ ስንጽፍ የሚያስቸግረው መጠሪያው ነው። «ፕሮሞተር» ብንል ዘፋኝ ከውጭ አስመጥቶ ስታዲየም የሚሞላውን ያስታውሳል፤ «አዘጋጅ» ብንል ለአንድ ምሽት የሚሮጠውን። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ኦርኬስትራን፣ የኮንሰርት አዳራሽን፣ የኦፔራ ቤትን ወይም የክረምት ፌስቲቫልን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ስለሚመራ ሰው። ያ ሰው ቀን ከሌት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቤት ሁልጊዜ እንደሚከስር የታወቀ ነው፣ ኪሳራውን ማን ይሸፍነው?

እንዴት ሁልጊዜ? ዊልያም ቦሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን በቀላል ምሳሌ አስረድተውታል። ቤትሆቨን የጻፈውን የአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ሙዚቃ ለመጫወት በዚያ ዘመን አራት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰው ነው። ጊዜውም ያው ነው። በጫማ ፋብሪካ ግን ያን ጊዜ በመቶ ሰው ይሠራ የነበረው ዛሬ በጥቂት ሰው ይሠራል፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዝም በዚያው ልክ ያድጋል። ሙዚቀኛውም ልጅ ያሳድጋል፣ ኪራይ ይከፍላል፤ ደመወዙ ከሌላው ጋር አብሮ ካልጨመረ ሙያውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ወጪው በየዓመቱ ያድጋል፣ የሚያቀርበው ሙዚቃ መጠን ግን ባለበት ነው። ትኬቱን እስከ ጣሪያ ብታስወድድ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ቀዳዳውን ማጥበብ ይችላል፤ መድፈን ግን አይችልም። እኔ በበኩሌ ይህን ካነበብኩ በኋላ «ኦርኬስትራው ኪሳራ ላይ ነው» የሚል ዜና ሳይ አልደነግጥም። የምጠይቀው የማን ኪስ እንደተዘጋ ነው።

ኪሱ ሲቀየር የሙያው ጠባይ አብሮ ይቀየራል። ጆሴፍ ሃይድን ሃንጋሪ ውስጥ በኤስተርሃዚ ልዑላን ቤት ሲኖር ከፋዩ ልዑሉ ነበር፤ አዘጋጅም፣ ገምጋሚም፣ ታዳሚም እሱው። ልዑል ኒኮላውስ በ1790 ሲሞት ልጁ ኦርኬስትራውን በተነው። ይህን የሰማ ዮሐን ፔተር ሳሎሞን የተባለ የቦን ተወላጅ ቫዮሊኒስት ወደ ቪየና ገስግሶ ሃይድንን ለንደን አመጣው። ሳሎሞን የቆመው በልዑል ገንዘብ አልነበረም። ሙሉውን የኮንሰርት ተከታታይ አስቀድመው በሚገዙ ደንበኞች ነበር፤ የዛሬው የደንበኝነት ትኬት አያት ማለት ነው። ሃይድን ለለንደን የጻፋቸው 12 ሲምፎኒዎች የተወለዱት ከዚህ ሰው ሒሳብ ውስጥ ነው። የመጨረሻዎቹ 3ቱ ግን በሳሎሞን መድረክ አልቀረቡም። ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ጦርነት የተነሳ ከውጭ ጥሩ ዘፋኝ ማምጣት ስላልቻለ በ1795 ተከታታዩን አቋረጠ። ለዚህ ሙያ ጦርነት መቼም ጠላቱ ነው።

በርሊን ላይ የተደረገው ደግሞ ሌላ ነው። በ1882 ቤንያሚን ቢልዘ በተባለ መሪ ሥር የነበሩ 54 ሙዚቀኞች፣ ወደ ዋርሶ በአራተኛ ማዕረግ ባቡር ልትሄዱ ነው ሲባሉ እምቢ ብለው ወጡ፤ የዛሬው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ እንዲህ ተጀመረ። የሚጫወቱት ቀድሞ የባለ ጎማ ጫማ መንሸራተቻ በነበረ አዳራሽ ነበር። ነጻነቱን አገኙ፣ ገንዘቡን ግን አላገኙም። ያዳናቸው ሄርማን ቮልፍ የተባለ የኮንሰርት ወኪል ነበር፤ በ1887 የገንዘቡን ኃላፊነት ወስዶ ሃንስ ፎን ቢሎውን መሪ አድርጎ አመጣላቸው። ቮልፍ በ1902 ሲሞት ወኪልነቱን የያዘችው ባለቤቱ ሉዊዘ ናት። ለሦስት አሥርት ዓመታት የበርሊንን የሙዚቃ ገበያ የመራች ሴት ናት፤ ድርጅቱ የፈረሰው ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነው። «ሴቶች በዚህ ሙያ አዲስ ናቸው» ለሚሉ ሰዎች ይህችን ሴት ማስታወስ በቂ ይመስለኛል።

ወደ ለንደን ስንመለስ፣ ስፓየርም እንዲሁ የዘመኑ ሰለባ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመናዊ ዘሩ ሲዘመትበት በ1915 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኋላም የእንግሊዝ ዜግነቱን ተነጠቀ። በዚያው ጦርነት፣ ከኩዊንስ ሆል ብዙም የማይርቀው በሽታይን ሆል የጠላት ንብረት ተብሎ ተወረሰ። የጀርመኑ የፒያኖ ኩባንያ በ1901 በ100 ሺህ ፓውንድ ገደማ ያሠራው አዳራሽ በ1916 በጨረታ በ56,500 ፓውንድ ተሸጠ። የገዛው ደበንሃምስ የተባለው የልብስና የሸቀጥ መደብር ነው። በዓመቱ «ዊግሞር ሆል» ተብሎ ተከፈተ። ወደዚህ አዳራሽ ስለምንመለስ አንባቢ ስሙን ይያዝልኝ። ፕሮምስን ግን አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ለጥቂት ዓመታት ከያዘው በኋላ በ1927 ቢቢሲ ተረከበው። ኩዊንስ ሆል በ1941 በጀርመን ቦምብ ሲቃጠል ፌስቲቫሉ ወደ ሮያል አልበርት ሆል ተሻገረ። የአድማጭ ፈቃድ ክፍያ የሚሰበስብ የሬዲዮ ድርጅት ኪሳራውን ሲሸፍን ምን እንደሚሆን ያሳየው ዊልያም ግሎክ ነው። በ1959 የቢቢሲ ሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ የመካከለኛውን ዘመን ሙዚቃና የዘመኑን አስቸጋሪ ድርሰት ያለ ይሉኝታ አስገባ፤ በ1970 ሶፍት ማሽን የተባለ የሮክ ባንድ ሳይቀር ፕሮምስ ላይ ተጫወተ። በትኬት የሚኖር ሰው ይህን አይደፍርም።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝ ሩዶልፍ ቢንግ ነው። ቪየና ተወልዶ መጽሐፍ ሻጭ ሆኖ ጀመረ፤ ኋላ እንግሊዝ አገር በገጠር ርስት ላይ በተቋቋመው የግላይንድቦርን ኦፔራ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ጦርነቱ ኦፔራውን ሲዘጋው ለንደን ውስጥ ፒተር ጆንስ በተባለ ትልቅ የሸቀጥ መደብር ተቀጠረ፣ የክፍል ኃላፊም ሆነ። ለሙያው ያበቃው ትምህርት ቤት ይህ መደብር ነው ቢባል አልቃወምም፤ ጠያቂ ደንበኛን፣ የጎደለ ዕቃንና ያኮረፈ ሠራተኛን በአንድ ቀን የሚያስተናግድ ሰው የኦፔራ ዘፋኝ አያሸንፈውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቢንግ አውሮፓ የተሰባበረችበትን ቁስል የሚያክም ፌስቲቫል ይኑር የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ከተማ ፈልጎ ኤዲንብራን አገኘ። ምግብ በራሽን፣ ከሰል በራሽን በሆነበት በ1947 ነው። የመነሻው ገንዘብ ከየት መጣ? ከከተማው ምክር ቤትና ከመንግሥት የጥበብ ምክር ቤት፤ ደግሞም ከሎርድ ሮዝቤሪ። ሎርዱ የሰጡት 10 ሺህ ፓውንድ ኦሽን ስዌል የተባለ ፈረሳቸው በእሽቅድምድም ያስገኘላቸው ነው። ቤተ መንግሥቱን ማታ በመብራት ማድመቅ ከሰል ማባከን ነው ተብሎ ሲከለከል ነዋሪው ከገዛ ራሽኑ ከሰል አዋጣ። የዚያ ዓመት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር። አይሁዳዊው ብሩኖ ዋልተር፣ ኦስትሪያ በናዚ ስትያዝ የተለየውን የቪየና ፊልሃርሞኒክን እዚያ ኤዲንብራ ላይ እንደገና መራ። ያልተጠሩ 8 የቲያትር ቡድኖች በራሳቸው መጥተው በፌስቲቫሉ ጥጋጥግ ስለተጫወቱ «ፍሪንጅ» የተባለው ሌላ ፌስቲቫልም በዚያው ተወለደ፤ ለእሱ ሥራ አስኪያጅ የሾመ አልነበረም።

ቢንግ ቀጥሎ ኒው ዮርክ ሄዶ የሜትሮፖሊታን ኦፔራን ከ1950 እስከ 1972 መራ። በ1955 ማሪያን አንደርሰን በዚያ መድረክ በገጸ ባሕርይነት የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። በ1958 ዝነኛዋን ዘፋኝ ማሪያ ካላስን አሰናበተ። ሁለቱን ስናስተያያቸው የሙያው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ይገባናል። ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል የሚለውን የሚወስነው መድረኩ ላይ የማይታየው ሰው ነው።

አሜሪካ ስንገባ ኪሱ የግለሰብ ባለጸጋ ኪስ ነው፤ መንግሥት እጁን ብዙም አይዘረጋም። የኦርኬስትራው ፕሬዚዳንት ከቀኑ ግማሹን የሚያሳልፈው ከለጋሽ ጋር ምሳ በመብላት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦርዱ ውስጥ መቀመጥ ማለት መስጠት ማለት ነው። ዲቦራ ቦርዳ ቫዮላ ተጫዋች ነበረች። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን ለ8 ዓመት ገደማ መርታ በ2000 ሎስ አንጀለስ ሄደች። እዚያ የጠበቃት ነገር ለሌላ ሰው ሥራ መልቀቂያ ያስጽፍ ነበር፦ የዋልት ዲዝኒ ባለቤት ሊሊያን ዲዝኒ በ1987 50 ሚሊዮን ዶላር የሰጡበት፣ በ1990ዎቹ ሥራው ቆሞ የነበረ አዳራሽ። በ2003 ተከፈተ። ቦርዳ በ2007 ገና 26 ዓመቱ የነበረውን ቬኔዝዌላዊ ጉስታቮ ዱዳሜልን አስፈረመች፤ በዚያው ዓመት ለሰፈር ልጆች መሣሪያና ትምህርት በነጻ የሚሰጥ የወጣቶች ኦርኬስትራ ጀመረች። ሐሳቡ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1975 ካራካስ ውስጥ ከጀመረው ትምህርት የተወሰደ ነው። ኒው ዮርክ በ2017 ስትመለስ ደግሞ ሌላ አሮጌ አዳራሽ ጠበቃት። የኮሮና ወረርሽኝ ኮንሰርቱን ሁሉ ሲዘጋ፣ ሌላው የተዘጋውን በር እያየ ሲያዝን፣ እነሱ ባዶውን ቤት ማፍረስ ጀመሩ። 550 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ዴቪድ ገፈን ሆል ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ቀድሞ በጥቅምት 2022 ተከፈተ።

የዚህ ዓይነቱ ኪስ ሌላም ገጽታ አለው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሚኒሶታ ኦርኬስትራ አስተዳደር አዳራሹን በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እያሳደሰ፣ ሙዚቀኞቹን ግን ደመወዛችሁ በሲሶ ይቀነስ አላቸው። እምቢ ሲሉ በጥቅምት 2012 በሩ ተዘጋባቸው። ለ15 ወራት ያህል። ለሕንፃ የሚሰጥ ለጋሽ አለ፤ ስሙ ግድግዳው ላይ ይጻፍለታል። ለሁለተኛው ኦቦ ተጫዋች ደመወዝ የሚሰጥ ግን ከየት ይምጣ? መሪው ኦስሞ ቫንስካ በ2013 ለቀቀ። በጥር 2014 ስምምነት ተደረሰ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ተሰናበተ፣ ቫንስካ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ኦርኬስትራው ሃቫና ሄዶ ተጫወተ። ሙዚቀኞቹ በር ተዘግቶባቸው ሳለ ራሳቸው ኮንሰርት አዘጋጅተው ትኬት መሸጣቸው ደግሞ ለአስተዳዳሪዎች የማይመች ጥያቄ ያስነሳል። ለመሆኑ ያለ እናንተ አይኬድም ወይ? ቪየና ፊልሃርሞኒክ በሙዚቀኞቹ ነው የሚተዳደረው፤ ከ1933 ወዲህ ቋሚ መሪ እንኳ የለውም።

ከሙዚቀኛነት ተነስቶ ወንበሩን የያዘ አለ። ክላይቭ ጊሊንሰን የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቼሎ ተጫዋች ነበር። በ1984 ኦርኬስትራው በገንዘብ ችግር አፋፍ ላይ ሲደርስ ባልደረቦቹ ቼሎህን አስቀምጥና ቢሮ ግባ አሉት። ለጊዜው የተባለው ሥራ 20 ዓመት ሆነ። ኦርኬስትራው የራሱን ቅጂ የሚያሳትምበት ድርጅት የተከፈተው በእሱ ጊዜ ነው፤ በ2005 ደግሞ ካርኔጊ ሆልን ለመምራት ኒው ዮርክ ሄደ። የመጣበትን መንገድ ስናይ የሙያው መግቢያ በር የቱ እንደሆነ ለመናገር ይቸግራል፦ አንዱ ከቼሎ፣ አንዱ ከሸቀጥ መደብር። ዤራር ሞርቲዬ የጌንት ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የጥበብ አስተዳደር ትምህርት ቢሰጥም፣ ቦርድ የሚጠይቀው ያው የድሮውን ነው፤ ከዚህ በፊት ኪሳራ ተሸክመህ ታውቃለህ?

ስለ ሞርቲዬ ጥቂት ልጨምር፤ ስለምወደው ነው። ብራስልስን፣ ሳልዝበርግን፣ ፓሪስን መርቷል፤ ሳልዝበርግ ላይ በ1990ዎቹ የባለጸጎችን ፌስቲቫል በአዲስ ዝግጅት እያበሳጨ አሥር ዓመት ቆየ። ኦስትሪያ ስለምትደጉም ያስቀየመው ታዳሚ ሊጥለው አልቻለም። ይኸው ሰው ወደ ኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ ተጠራ። ቃል የተገባለት የዓመት ባጀት 60 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ 36 ሚሊዮን ብቻ ነው አሉት። ሥራውን ሳይጀምር ለቀቀ። ሲቲ ኦፔራ በ2013 ከሰረ። ሞርቲዬ ማድሪድ ሄዶ መሥራቱን ቀጠለ፤ በ2014 አረፈ። በአውሮፓ ድጎማ ያደገ ድፍረት አትላንቲክን መሻገር አልቻለም ብሎ መደምደም ይቻላል፤ እኔ ግን ቀድሞ ማየቱን ነው የማደንቀው። በ36 ሚሊዮን «እንሞክር» ቢል ኖሮ ኪሳራው በእሱ ስም ይጻፍ ነበር።

መንግሥት ሲከፍልም ቢሆን ራስ ምታቱ አይቀርም። ሃምቡርግ የድሮ የካካዎ፣ የሻይና የትምባሆ መጋዘን ላይ የመስታወት አዳራሽ ልሥራ ስትል ከከተማዋ ካዝና የሚወጣው 77 ሚሊዮን ዩሮ ነው ተባለ። መጨረሻ ላይ 789 ሚሊዮን ሆነ። ክሪስቶፍ ሊበን ዞይተር በ2007 ዳይሬክተር ሆኖ ከቪየና ሲመጣ አዳራሹ በ2010 ይከፈታል ተብሎ ነበር። የተከፈተው በጥር 2017 ነው። አንድ ሰው ለአሥር ዓመት ያህል የሌለ ቤት ዳይሬክተር ሲሆን አስቡት! ጋዜጣው በየሳምንቱ ሲያላግጥ፣ ግንባታው ቆሞ ከተማውና ኮንትራክተሩ ሲካሰሱ፣ እሱ በአሮጌው ላይስሃለ አዳራሽ ኮንሰርት እያዘጋጀ ታዳሚውን ያለማምድ ነበር። ከተከፈተ በኋላ ትኬት ጠፋ፤ ሕንፃውን ብቻ ለማየት የሚመጣው ሰው ወንበሩን ሞላው። ችግሩ ተገለበጠ ማለት ነው። በ2019 ዮናስ ካውፍማን ሲዘፍን ከመድረኩ ጀርባ የተቀመጡ ሰዎች አይሰማንም ብለው ጮኹ።

አሁን ወደ ዊግሞር ሆል። 552 ወንበር ያለው፣ ከመድረኩ በላይ ባለ ወርቅ ቀለም ሥዕል የተሣለበት ትንሽ አዳራሽ ነው። አየርላንዳዊው ጆን ጊልሁሊ በ2005 የጥበቡንም የአስተዳደሩንም ኃላፊነት ጠቅልሎ ሲይዝ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ወረርሽኙ የዓለምን አዳራሾች ሁሉ በዘጋበት ወቅት፣ ሰኔ 1 ቀን 2020 ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ፒያኒስቱ ስቲቨን ሃፍ ባዶ ወንበሮች ፊት ተቀምጦ ባኽና ሹማንን ተጫወተ። ቢቢሲ በቀጥታ አስተላለፈው። ያ ወር በሙሉ በሥራ ቀን በዚያው ሰዓት እንዲሁ ቀጠለ። ከትኬት የሚገባ ሳንቲም የለም። በየአገሩ ቤቱ የተዘጋበት ሰው ግን ሰማ፤ ከሰሙትም ብዙዎቹ ገንዘብ ላኩ። ጊልሁሊ ስድስት መቶ ሰው በማይይዝ አዳራሽ የማያውቃቸውን ደጋፊዎች ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። በ2025 አዳራሹ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ፈንድ አሰባስቦ፣ በዓመት 340 ሺህ ፓውንድ ገደማ ይሰጠው የነበረውን የእንግሊዝ የጥበብ ምክር ቤት ድጎማ ከ2026 ጀምሮ አልፈልግም አለ። ምክር ቤቱ ከገንዘቡ ጋር የሚያስከትለው የሪፖርትና የመመዘኛ ጣጣ አንገፍግፎታል። በ2022 ያው ምክር ቤት የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራን ከለንደን ካልወጣህ ድጎማህ ይቀራል ብሎት እንደነበር ያየ ሰው ውሳኔው አይገርመውም። የኔ ስጋት ሌላ ነው። ትልልቆቹ በራሳቸው ኪስ ከቆሙ፣ ለጋሽ የማያውቀው የገጠር ፌስቲቫል ለድጎማ የሚከራከርለት ጠበቃ ያጣል።

ከነባሩ ወንበር ውጭ አዲስ ቤት የሚያቋቁሙም አሉ። ድርብ ባስ ተጫዋቿ ቺቺ ንዋኖኩ በ2015 ለንደን ላይ ቺነኬ የተባለውን፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ጥቁሮችና የሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች ተወላጆች የሆኑበትን ኦርኬስትራ መሠረተች። ኤዲንብራን ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የምትመራው ቫዮሊኒስቷ ኒኮላ ቤነዴቲ ናት፤ በፌስቲቫሉ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴትም፣ የመጀመሪያዋ ስኮትላንዳዊም።

ለኛ ይህ ሁሉ ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በደብሮቻችን አለቃና መሪጌታ ለየብቻ መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው፣ ዛሬ በአውሮፓ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» እና «የጥበብ ዳይሬክተር» እየተባለ የሚያከራክረው ክፍፍል እኛ ዘንድ ከጥንት እንደነበር ያያል። አለቃው ደብሩን ያስተዳድራል፣ መሪጌታው ዜማውን ይመራል። የደብተራውን ኑሮ የሚሸፍነው ደግሞ ሪም መሬት ነበር። ዜማ በትኬት አልኖረም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 አርመናውያን ወጣቶችን ለነፋስ መሣሪያ ባንድ ሲያመጡ ከፋዩ ቤተ መንግሥት ነበር፤ አሠልጣኙ ኬቮርክ ናልባንዲያን። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ራሱ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ነበር፤ ተቋሙን ያቆመው ግን መንግሥት ነው። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ይኖሩ የነበሩት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የጻፉት የፒያኖ ድርሰት በከተማዋ በኮንሰርት መልክ የቀረበው በ2013፣ ዕድሜያቸው 90 ሊሞላ ሲል ነው። ድርሰቱ ቀድሞ ነበር፤ የዘገየው አዘጋጁ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ በዚህ ነገር እጄን አስገብቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የፒያኖ ምሽት አዘጋጅተን፣ 180 ወንበር ባለው አዳራሽ፣ ፒያኖ ተከራይተን ነበር። ፒያኖው በስምንት ወዛደር ደረጃ ወጣ። ከላይ ሲደርስ ቅኝቱ ወርዶ ቃኚ ተፈለገ። ቃኚው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ መጣ፤ ግማሹን እንደቃኘ መብራት ጠፋ። የቀረውን በሞባይል መብራት ጨረሰ። በማግሥቱ ከጓደኞቼ አንዱ፣ ባንክ ቤት የሚሠራው፣ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሲደምር ቆየ። ቀና ብሎ ሁሉም ወንበር ቢሸጥ ኖሮ ምን ይገባ እንደነበር ነገረን። ያም ቢሆን የፒያኖውን ኪራይና የወዛደሩን ከሸፈነ በኋላ ለተጫዋቹ የሚተርፍ አልነበረም። ሌላው ጓደኛችን ወረቀቱን ተቀብሎ ትኬቱን በእጥፍ አስልቶ አየው፤ ከዚያ በሰፈራችን ማን በዚያ ዋጋ እንደሚገባ በስም መቁጠር ጀመረ። አሥራ አንድ ላይ ቆመ። ፒያኖውን የሚመልሰው መኪና ውጭ ጡሩምባውን እየነፋ ነበር።